ግቢያቸውን ጠርገው ስለጠበቋችሁ ጎረቤቴ

ለተከበሩ የነዳጅ ቧንቧ ዝርጋታ ጽሕፈት ቤት የካሳ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሰላም ውለው፣ ማንም ችካል ባልቸከለበት ግቢዎ ውስጥ አረፍ ብለው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በዚህ ዓምድ ስለ ሙሽሮችና ስለ አማቶች ስታወራ የኖረች ሴት ዛሬ ስለ ቧንቧ ስትጽፍ አንባቢዎቼ ግር ቢላቸው አይፈረድባቸውም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ቧንቧዎ በእኔና በጎረቤቴ ጓሮ በኩል ሊያልፍ ነው፣ እኔም ጎረቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ጎረቤቴን ሠፈሩ «እትዬ ችግኝ» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከዚያች ጠባብ ጓሮ በሚሸጡት የሎሚ፣ የብርቱካንና የአቮካዶ ችግኝ ነው። ጓሯችንን ለክተው ካሳ የሚገምቱት ልኬተኞችዎ ሊመጡ መሆኑን ከማንም ቀድማ የሰማች፣ እንደ ልማዷ ወሬውን በአጥር ላይ ያቀበለችም እኔው ነኝ። «እትዬ፣ ትልልቅ ሰዎች ሊመጡ ነው፤ ግቢው እንዲህ ተዝረክርኮ ካገኙት ይንቁናል፣ ትንሽ ሰብሰብ ይበል እንጂ» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ነገር ከያዙ አይለቁም። ችግኙን በሙሉ በጋሪ አስጭነው እህታቸው ቤት አደረሱ፤ የልኬተኞቹ ሜትር እንዳይጠማዘዝ ብለው መደቡን ሁሉ ደለደሉ፤ ጠረጉ፤ አቧራው እንዳይነሳም ውኃ ረጩበት። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ምስጋናዎቼ ከዚያ ቀን የመነጩ ናቸው።

፩ኛ. ባለሙያዎችዎ ስላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ደንባችሁ የሚገምተው በልኬታው ዕለት መሬቱ ላይ የቆመውን ብቻ በመሆኑ፣ የተጠረገውን ጓሮ በአድናቆት ከተመለከቱ በኋላ፣ ለቀረበላቸው ወንበርም አመስግነው፣ «ባዶ ቦታ» ብለው መዝግበዋል። ስለዚህ እትዬ ችግኝ ካሳ የላቸውም። ቦታው ለምን እንዲህ ልሙጥ እንደሆነ፣ ዳር ላይ የተደረደሩት የውኃ ማጠጫ ቆርቆሮዎች የምን እንደሆኑ በመጠየቅ ሴትዮዋን ባለማስጨነቃቸው ጨዋነታቸውን አደንቃለሁ።

፪ኛ. ለእኔ ግቢ ስለተሰጠው ክብር የማመሰግንበት ቃል የለኝም። ሰው መካሪዋ እኔ የራሴን ጓሮ አልነካሁትም፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ማጭድ አላየም። ድመት ወልዳ የምታሳድግበት፣ እኔም እባብ ፈርቼ የማልገባበት ያ ቁጥቋጦ በእናንተ መዝገብ «ቋሚ ተክል» ተብሎ ጥሩ ካሳ ተፈቅዶለታል። ስንፍናዬን በገንዘብ የገመተልኝ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እህቴ ስም ሁሉ አውጥታለት «አረም እያልሽ ስታሚው የኖርሽው ለካ ልማት ነው!» ብላ ስትስቅብኝ ውላለች።

፫ኛ. ቅሬታ ያለው ሰው ማመልከት የሚችለው ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አንብቤያለሁ። ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ ሐኪም ጥሩልን እንደማለት ነውና ለአሠራራችሁ ሥርዓት ያለኝ አክብሮት ጨምሯል። በዚያው ሰሌዳ መሠረት ከቧንቧው በላይና በግራ ቀኙ፣ ሥር የሚሰድ ነገር ከእንግዲህ አይተከልም፤ እትዬ ችግኝ ጓሮ ውስጥ ደግሞ ግራና ቀኙ ሲነሳ የሚተርፈው የልብስ ማስጫው ገመድ ነው። እህታቸው ቤት ተጠጋግተው የተቀመጡት ችግኞች የሚመለሱበት ቦታ የላቸውም ማለት ነው።

፬ኛ. ይህኛው በእርስዎ ላይ የሚቀርብ አይደለም። «ባዶ ቦታ» የሚለው ቃል ሥር እንደ ምስክር የሰፈረው ፊርማ የእኔ ነው። ክቡርነትዎ ይመኑኝ፣ አላነበብኩትም። ልኬተኛው መልከ መልካም ልጅ ነበር፣ በቅርቡም ሊያገባ ነው፤ እኔ ስለ ሙሽራዋ ቤተሰብ ከእሱ ወሬ ለመልቀም ስጣደፍ «እዚህ ጋ» ሲለኝ ፈረምኩ። ማንበብና መጻፍ መተዳደሪያዋ የሆነ ሴት! ከዚያ በኋላም እውነቱን ለጎረቤቴ ልንገራቸው እያልኩ፣ በካሳዬ ገንዘብ የራሴን ጣሪያ በሐሳቤ በአዲስ ቆርቆሮ አልብሼ፣ ቀለሙን እየመረጥኩ ነበር። እትዬ ችግኝ ግን «አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ እንዴት ታዝበውኝ ይሄዱ ነበር» እያሉ ያመሰግኑኛል። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ቆፋሪው መኪና ከመግባቱ በፊት ባለሙያዎችዎ ተመልሰው፣ ችግኞቹን እህታቸው ቤት ድረስ ሄደው አይተው እንዲገምቱ ነው። ፊርማዬን አንስቻለሁ፤ የእሳቸው ሳይከፈል የእኔን ካሳ አልቀበልም፤ ጣሪያዬም ያፍስስ። ጓሮው ባዶ እንዳልነበረ ማስረጃ ካስፈለገዎ ብዙም አይርቁ፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዎን ጥላው ሥር የሚያቆሙበት ዛፍ ችግኝ ሳለ ከየት እንደተገዛ የመሥሪያ ቤትዎን ዘበኛ ይጠይቁት። እሱ ነው ተሸክሞ የመጣው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለመነጽርዎ ጥራት እየተመኘሁ፣ ባለማንበቧ የምታፍር፣ በአረሟ የተከበረችው የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ነኝ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት፣ የጣሪያውን ነገር ጨምሮ፣ ለእትዬ ችግኝ አነበብኩላቸው። «እሰይ፣ ላንቺስ እንኳን ሆነልሽ» አሉኝና ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ። ተከትያቸው ብወጣ፣ ቆፋሪ መኪናችሁ እንዳይቸገር ብለው የአጥራቸውን ቆርቆሮ መንቀል ጀምረዋል። ለምኜ አስቁሜያቸዋለሁ፤ ግን ሰው አክባሪ ናቸውና እስከ መቼ እንደምይዛቸው አላውቅም። ቶሎ ካልመጣችሁ «አጥርም አልነበራቸውም» ብላችሁ ትጽፉባቸዋላችሁ።