ዋጋ የተለጠፈበት የጋሽ ቶማ ተርታ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8፣ ጠዋት

ሱቅ ተከፈተ። ነጠላዋ በር ላይ ተሰቀለች። ወዳጄ ማስታወሻ፣ ሽሮ ሜዳን ስለማታውቅ ልንገርህ። በእኛ ተርታ ገና ያልሸጠ ሱቅ በሩ ላይ ነጭ ነጠላ ይሰቅላል። ማሟሻውን፣ ማለትም የዕለቱን የመጀመሪያ ዕቃ ሲሸጥ ያወርዳታል። ከዚያ የሚመጣለትን ደንበኛ ነጠላዋ ወዳልወረደችለት ጎረቤት ይልካል። ሥርዓቱን ያወጣው ተርታውን የመሠረተው ሸማኔው ጋሽ ቶማ ነው። ነፍሱን ይማር።

የእህቴ ልጅ ሰብለ ዋጋ የጻፈችባቸው ካርቶኖች ይዛ መጣች። ሲንጋፖር ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ ስትሠራ ኖራ ነው የተመለሰችው። አሠሪዎቿ ነይ ይሏታል። መልስ የሚጠብቁት እስከ መጪው ሰኞ ነው። እንድትቀር እፈልጋለሁ። አልነገርኳትም። እቀልድባታለሁ።

የዚያ አገር መሥራች ካረፈም በኋላ ሰው በሥርዓቱ ይሰለፋል፣ ዋጋ አንድ ነው፣ ማስቲካ እንኳ አይሸጥም ትላለች። ወጥቼ ማስቲካ ገዛሁ። ፊቷ ቆሜ አኘክሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

ለጥር ሠርግ የምትዘጋጅ የሙሽራ እናት ከጳውሎስ ሰፈር በኩል መጣች። ቀሚስ ወደደች። ቀንሺልኝ አለች። ሰብለ በትሕትና ዋጋው የተለጠፈው ነው አለቻት። ሴትዮዋ የተሰደበች ያህል ደነገጠች። ወጣች። ሌላዋም ገብታ ወጣች። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነጠላችን አልወረደችም።

ሰብለ ዋጋ መከራከር ሰውን አለማመን ነው ትላለች። አለመከራከር ሰውን አለማነጋገር ነው አልኳት። ፊደል ራሴን ያስተማርኩት በዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ይወጣኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ተንኮል ተገኘ! ካርቶኑን በመዳፌ እሸፍንና ዋጋውን ከፍ አድርጌ እጠራለሁ። ደንበኛዋ ትቀንሳለች። እምላለሁ፣ እለማመጣለሁ፣ እወርዳለሁ። የተጻፈው ላይ ስንደርስ መዳፌን አነሳለሁ። ይስቃሉ። ይገዛሉ። ሰብለ ተቆጣች። ትንሽ ቆይታ ራሷ መዳፏን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች።

ማታ። ደስታዬ አልቆየም። ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ነጠላችን ወርዳለች፤ ሰብለ ግን ከማሟሻው በኋላም ለሚመጣው ሁሉ ስትሸጥ ውላለች። የጎረቤታችን የወ/ሮ አስካለ ነጠላ እንደተሰቀለች ናት። ምነው አልኳት። ደንበኛው የመረጠው እኛን ነው አለች። እዚያ በኖረችበት አገር እንዲያ ነው።

  ወ/ሮ አስካለን እንደምን አመሹ ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ሰብለ አየች። እኔ ለዚህ አገር አልሆንም፣ መሄዴ ነው አለች። ቀልድ ጀመርኩ። አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

 የኛ ነጠላ ገና እንደተሰቀለች የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣች። ሰብለ ማንም ሳያዛት የደንበኛዋን እጅ ይዛ ወ/ሮ አስካለ ጋ አስገባቻት። ማሟሻችን ሄደ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ሁለቱ ዋጋ ሲከራከሩ ረፈደ። ቀሚሱ ተሸጠ፤ ነጠላቸው ወረደች። ከዚያ የወ/ሮ አስካለ ድምፅ፣ ጎርነን ብሎ፦

«አንቺ ልጅ፣ ያን ካርቶን ለኔም ጻፊልኝ። ጉሮሮዬ አለቀ።»

ከማዶ አንዱ ነጋዴ፣ ጋሽ ቶማ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር አለ።

«ጋሽ ቶማ ጎረቤትህ ሳይሸጥ አትጥገብ አለ እንጂ ዋጋ አትጻፍ አላለም። አንተ ይልቅ ሂሳብህን አስተካክል።» አሉት ወ/ሮ አስካለ።

ተርታው ሳቀ። ሰብለ እስከ ማታ ስትጽፍ ዋለች። የምትሄድ ሰው እንዲህ ትደክማለች? አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

መልስ የምትሰጥበት ቀን። ቀሚስ እያጠፍን ሳለ ልሂድ ልቅር ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ቀልድ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኳቸው።

ቅሪ አልኳት።

ቀሚሱን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ከመጣሁ ጀምሮ የምር ያልከኝ ይህን ብቻ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ለሲንጋፖሮቹ ጻፈች። አጭር ነው። አላነበብኩትም፤ ፊቷን ግን አየሁ።

ቁልፉን ሰጠኋት። ከነገ ጀምሮ የምትከፍተው እሷ ናት። እኔ አረፋፍጄ እመጣለሁ፣ እንደ ደንበኛ። ማሟሻዋ እኔ ነኝ። ሳላስቀንስ ግን አልገዛም።