የእማዬ ጎተራ

ይድረስ ለእትዬ ፈትለወርቅ፣

የባኮ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ አምቦ ደህና ነን፣ ተመስገን።

እማዬን ድካም ድካም ስላላት ደሟን አስመረመርኳት። ደሟ ለጊዜው በቂ ነው፤ ሰውነቷ ያጠራቀመው ብረት ግን አልቋል አሉን። ሐኪሙ "ለዛሬ ዱቄት አለ፣ ጎተራው ግን ባዶ ነው" ብሎ አስረዳኝ። እሷማ "ዕድሜ ልኬን ጤፍ እየበላሁ?" ብላ ተቆጣች። ደም ይፈስሳት እንደሆነ ሲጠይቃት "ኧረ ወዲያ!" አለችው።

እንክብሏን ትውጣለች። ከምግብ በኋላ ብረቱን የሚያግደውን ሻይ ስለከለከልኳት ግን አኩርፋኛለች። ልብሷንም ከፋሲካ ወዲህ አታሳጥበኝም፤ እኔ ሳልነሳ ራሷ አጥባ ከጓሮ ታሰጣዋለች።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ሳትጠብቂ ነይና አንቺ ጠይቂያት፤ እማዬ ላንቺ ዋሽታ አታውቅም።

ናፋቂ እህትሽ ፍቅርአዲስ