በመስኮት ብርሃን ስለተፈተሸው መርፌ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የዕቃ ፍተሻ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ዓይንዎም ሁልጊዜ ንቁ ይሁንልዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። እኔ ከቤተ ሙከራው ወደ ሕክምና ክፍሎች መድኃኒት የማመላልስ ባለሙያ ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. «ሳይከፈት የሚያልፍ ዕቃ የለም» የሚለውን መመሪያዎን ስላስከበሩ አመሰግናለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ማክሰኞ ለፍተሻ ያቀረብኩት መርፌ በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ ነበር። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በካንሰር የተያዘ አጥንት ውስጥ ተወግቶ እዚያው ይረጋል፤ ሐኪሙ ከቆዳው በላይ ልዩ መብራት ሲያበራበት ደግሞ የተሸከመውን መድኃኒት ዕጢው ላይ ይለቃል። ብርሃን ቀድሞ ካገኘው ግን ሥራውን መርፌው ውስጥ ጨርሶ ይቀመጣል። «ብርሃን እንዳይነካው» የሚል ጽሑፍ በቀይ ተጽፎበት ነበር፤ ሠራተኛዎም ጽሑፉን በደንብ ለማንበብ ወደ መስኮቱ ጠጋ ማለታቸውን በአድናቆት አስታውሳለሁ።

፪. እኚሁ ትጉህ ሰው መርፌውን ወደ ፀሐይ አንስተው፣ አገላብጠው ካዩ በኋላ «የተደበቀ ነገር የለውም» ብለው ፈርመውልኛል። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልነበረውም።

፫. ይህ ቁጥር እርስዎን ለማመስገን ታስቦ ነበር፤ ብዕሬ ግን እምቢ አለኝ። ወረቀቱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛዎ «ክፈተው» አሉ እንጂ ወረቀቱን በእጃቸው አልፈቱም። ቀደም ሲል ከእርሳቸው ጋር በመከራከሬ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ስለነበር ሁለተኛውን ፈራሁና፣ ለአፍታ ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ፈታሁት።

መርፌውን የምትጠብቀው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ይህን ሕክምና እንድትሞክር የለመንኳትም እኔው ነኝ፤ «አንተ ካለህበት ምን እፈራለሁ፣ ወንድሜ» ብላ ነው የስምምነቱን ወረቀት የፈረመችው። ሐኪሙ ቀለሙ የተለወጠውን መርፌ መለሰው። ሌላው እስኪዘጋጅ ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ ዕጢው ግን የእኛን ወረፋ አልጠበቀም፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ። ልጆቿን ያሳደገችበት የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ነው።

«በጉዞ ላይ በደረሰ ብልሽት» የሚለውን ምክንያት የጻፍኩት እኔ፣ ያጸደቁት እርስዎ ነዎት። እርሷም የጻፍነው እውነት መስሏት «ልፋትህን አልረሳም» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁንም ሌላ በሽተኛ ሌላ መርፌ እየጠበቀ ስለሆነ፣ ከመመሪያዎ «ሳይከፈት የሚያልፍ ዕቃ የለም» የምትለዋን አንዷን መስመር እንዲያሻሽሉልን በትሕትና እለምናለሁ።

ከወንበርዎ ሳይነሱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የሚመኝልዎ፣ ከሚገባው በላይ ታዛዥዎ፣

መድኃኒት አመላላሹ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለልብስ ሰፊዋ አንብቤላታለሁ። ስለ እርስዎ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «አንተ ግን አፍ አልነበረህም?» ብቻ አለችኝ። መልሱን እርስዎ ካወቁት ይጻፉላት፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በሯን ማንኳኳት አልቻልኩም።