ሃምሳ አራተኛዋ ግብ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ትከሻሽስ እንዴት ነው? የአዲሱ ክለብሽ ሐኪም በየቀኑ እንደሚያይሽ ለእማዬ ስትነግሪያት በጎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ ሳለሽ ሐኪምሽም ወጌሻሽም እኔ ነበርኩና። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ደብዳቤ ያለዚህ ቃል አልጀመር ስለሚለኝ ነው። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ታርፋለች፤ ያንቺ ፎቶግራፍ ያለበትን ጋዜጣ ለጎረቤት ልታሳይ ሲሆን ግን ሳታርፍ ትወጣዋለች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማታስጨርሺኝ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ጠብ ሲነሳ አንቺ ጮክ ብለሽ ትስቂያለሽ፣ እኔ ልናገር የነበረው ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ መሳቅ ትችያለሽ፣ ወረቀቱ ግን አይደነግጥልሽም። ይህን የምታደርስልሽ የቀድሞዋ ተከላካይሽ ናት፣ ያቺ «ግድግዳ» የምትሏት። ነገ ጠዋት ወዳንቺ ከተማ ትሄዳለች። ምን እንደያዘች አታውቅም፤ አትጠይቂያት።

ኮሚቴ ፊት መቅረቤን እማዬ ነግራሻለች። እሷ የነገረችሽ ግን የገባትን ያህል ነው። አሁን የኔን ስሚ።

የእጅ ኳስ ፌዴሬሽኑ መሰብሰቢያ ክፍል ጠባብ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ዋንጫዎች አቧራ ለብሰዋል፣ ጠረጴዛው አንድ እግሩ ስለሚያጥር ሊቀመንበሩ ክርናቸውን ባሳረፉ ቁጥር የሁላችንም የውኃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ሊቀመንበሩ «የኔ ልጅ» እያሉ ነው የሚያናግሩኝ። ልጃቸው የሆንኩት ከተከሰስኩ ወዲህ ነው፤ ስሠራላቸው በኖርኩባቸው ዓመታት ስሜን እንኳ አያውቁትም ነበር።

ክሱ አጭር ነው። ከሊጉ የጨዋታ ቁጥራችንን የሚገዛው የውርርድ ድርጅት ጽፎ እንደላከው፣ በውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ የመጨረሻዋን ግብ የመዘገብኳት ከገባች ከአሥራ አንድ ሰከንድ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች ለወትሮው ማንም የማያየው ጨዋታ ላይ ውርርድ ጎርፏል፤ በነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው በስልኩ ጨምሮበታል። ሁሉም የተወራረደው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ የሁለቱ ቡድኖች ግብ ሲደመር ከሃምሳ ሦስት ተኩል ይበልጣል በሚለው። ግማሽ ግብ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ እኩል ወጣ ተብሎ ገንዘብ እንዳይመለስ የፈጠሩት ነው። እንግዲህ ሃምሳ አራተኛዋ ግብ ስትገባ እኔ እጄን ይዤ የወዳጆቼን ኪስ ሞላሁ፣ ሰከንድ ሸጥኩ ተባልኩ።

እማዬ ይህን ስነግራት ሰከንድ የሚሸጠው በምን ተሰፍሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚያ ሁሉ መሀል መሳቅ አማረኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ እንዴት እንደምሠራው ግን አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነን። ጋሽ ጡሩምባ፣ እኚያ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ሜዳውን እያዩ ይጠራሉ፤ ግብ ከሆነ ማን እንዳገባች፣ ከዳነ በየት በኩል እንደዳነ። እኔ እጽፋለሁ። የጻፍኩት በዚያው ቅጽበት ስሙን በማናውቀው አገር፣ መልኩን በማናውቀው ሰው ስልክ ላይ ይታያል። የሚጠራ አይጽፍም፣ የሚጽፍ አያይም። ሕጋችን ይህ ነው። የሚጽፍ ሰው ካየ ልቡ ይሸፍታል፣ ልቡ ሲሸፍት እጁ ይዘገያል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ስትጫወቺ ሰማሁሽ እንጂ አላየሁሽም። «አዳነች፣ ከታች በግራ።» ይህችን ስንት ጊዜ ጻፍኳት! ከታች በግራ ከሚመጣብሽ ኳስ ግማሹን ታወጪያለሽ፤ የሌላ ክለብ በረኛ ከአምስት አንዱን ካወጣች ይጨበጨብላታል። ለዚህ ስታቲስቲክስ አያስፈልገኝም። ግቢያችን ውስጥ ልብስ ማስጫው ሥር ቆመሽ ያን እግር ስትዘረጊ ወርዋሪዋ እኔ ነበርኩ። መስኮት ሲሰበርም የምገረፈው እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን ግን አየሁ። ጨዋታው ለማንም የማይጠቅም፣ ማንንም የማይጎዳ ነበር። የኛ ሦስተኛነት ተረጋግጧል፣ እነሱም ከሊጉ እንደማይወርዱ ታውቋል። ሃያ ስምንት ለሃያ አምስት እየመራን ነው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ ተመልካቹ ጃኬቱን እየለበሰ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያላየኋትን እህቴን አንድ ጊዜ ልያት ብዬ ቀና አልኩ። ጥፋት ካልሽው ጥፋቴ ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም።

የእነሱ የክንፍ ተጫዋች ዘለለች። ደክሟት ነበር፣ ኳሷም እንደሷ የደከመች ነበረች። ከታች በግራ መጣች። እግርሽ ተነሳ። ከፍ ብሎ ተነሳ፤ ኳሷም በሥሩ አለፈች።

ግብ ሲገባብሽ ምን እንደምትሆኚ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ተከላካዮችሽን አንድ በአንድ እየለቀምሽ ትወርጂባቸዋለሽ። ያቺን ምስኪን «ግድግዳ ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው ግንበኛ አይቶ አያውቅም» ብለሽ አዳራሹን ሁሉ ያሳቅሽባት ጊዜ አይረሳኝም። ያን ዕለት ግን ለማንም ምንም አላልሽም። ሰሌዳውን አየሽ። ቀጥሎ ዓይንሽ ወደኛ ጠረጴዛ መጣ። እንደ ሁልጊዜው አቀርቅሬ የምታገኚኝ መስሎሽ ነበር።

ጋሽ ጡሩምባ ጠርተዋል። ሰባት ቁጥር፣ ከክንፍ፣ ከታች በግራ። እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። እጄ ግን አልታዘዝ አለ። ጣቴ ካልወረደ ኳሷ ለዓለም ሁሉ ገና አየር ላይ ናት፤ ካልጻፍኳት አንቺም የማውቅሽ አንቺ ነሽ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ አልልሽም፣ ሰው በዚያች ጊዜ አያስብም። እሳቸው ደግመው ጠሩ። ቀጥሎ በክርናቸው ነካ አድርገው «ምን ነካሽ ልጄ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ጻፍኩ። ሃምሳ አራት።

ከዚያ በኋላ ምን ያላደረግኩት አለ? ደክሟት ነው አልኩ። መብራቱ ዓይኗን መትቷት ነው አልኩ። ቪዲዮውን አውጥቼ ደጋግሜ አየሁት። አንድ ቀን እማዬ ከኋላዬ ቆማ አብራኝ አየችውና ግብ ሲገባባት እንኳ ረጋ ያለች ልጅ ናት ብላ አመሰገነችሽ። ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት።

ኮሚቴው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ እጅሽ ለምን ቆመ? የውኃ ብርጭቆዬን ከጠረጴዛው ጠርዝ ፈቀቅ አደረግኩ። ከሊቀመንበሩ በስተቀኝ የተቀመጡት ሰውዬ የተማረ ሰው ሲያጠፋ በብልሃት ነው አሉ። ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመኝ መከሰሻ ሆኖ ነው። ሊቀመንበሩ ግን ራሩልኝ። ሸጥኩ አትበዪ አሉኝ፤ ቸል ብዬ ነው በዪና ፈርሚ፤ ለተወሰነ ጊዜ ትታገጃለሽ፣ ነገሩም በዚሁ ይረሳል። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ። አልፈርምም አልኳቸው። ስንት ሺህ ኳስ ጽፌ በአንዷም ቸል ብዬ አላውቅም። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኛል፤ ሌባ ቢያንስ ሥራውን ያውቃል።

ጋሽ ጡሩምባም መስክረዋል። ጠራሁ፣ አልጻፈችም፣ ደግሜ ጠራሁ አሉ። እውነት ነው፤ አልተቀየምኳቸውም። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ወለሉን እያዩ የተናገሩኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «ልጄ፣ የጠየቁኝ የጠራሁትን ነው። ያየሁትን አልጠየቁኝም።» ከዚያ ታክሲ ይዘው ሄዱ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር፣ እታለሜ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ላልፈው ነበር። ያስከፈተኝ ያለፈው እሑድ ነው። እማዬ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ እንደምታወራ ረስተሽ ይሆን? «ይቅርታ ትጠይቃቸው፤ ልጅ ናት፣ ይምሯታል» ስትያት ወጥ ቤት ቆሜ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ሰሃኑን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ አይጧ ዳዋውን ይቅርታ ጠይቅ ብላ ስትመክር ግን ያንቺ የመጀመሪያው ነው።

ሆድሽ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት የማላውቅ አይምሰልሽ። ጠዋት ጠዋት ክንድሽን ማንሳት አቅቶሽ ፀጉርሽን የማስርልሽ እኔ ነበርኩ። ክለባችን ውሉን እንደማያድስልሽ ከአሰልጣኛችሁ ቀድሜ አውቄ ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ወራት ቁጥር የሠራሁላቸው እኔ ነኛ። ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ምናልባት በዚህ ትጠይኝ ይሆናል። «ሽቶው» የምትሉት የተጫዋቾች ወኪል፣ ያ ሳይታይ የሚሸተው ሰውዬ፣ ከክረምቱ ጀምሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እየተቀመጠ ሲያይሽም፣ ስለ አንቺ ትከሻ ሳይሆን ስለ አንቺ ዕድል ሲያወራሽም ሰምቻለሁ። ጨዋታው ባለቀ በሳምንቱ የሌላ አገር ክለብ በረኛ ሆንሽ። ሻንጣሽን ስትሸክፊ ልብስሽን ያጣጠፍኩልሽ እኔ ነኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ በሩም ዝግ ነበር። አንድ ቃል ትናገሪያለሽ ብዬ አንዱን ሹራብ ሦስት ጊዜ አጣጠፍኩት። አንቺ ግን ስለ አየሩ ጠባይ አወራሽ፤ እዚያ ይበርዳል አልሽ።

ማንም አልተጎዳም ትይ ይሆናል። ቡድናችን አሸንፏል፣ ደረጃው አልተነካም፣ የተበላው የማናውቀው የውርርድ ድርጅት ነው። እኔም እንዲህ ብዬ ላምን ሞክሬያለሁ። ነገር ግን ያቺ ኳስ አንድ ቦታ ማረፍ ነበረባት፤ እኔ ላይ አረፈች። የሥራ ማመልከቻ ያስገባሁባቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች ስሜን ሲሰሙ ፋይሉን ዘጉ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በቀልድ መልክ ዛሬ ማን ያሸንፋል ብላ ጠየቀችኝ፤ እማዬ ሰምታ አንገቷን ደፋች። እሷ አንገቷን ስትደፋ አይቼ አላውቅም ነበር። አባዬ ሲሞት እንኳ ቀና ብላ ነው የቀበረችው።

ሐሙስ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ጠርተውኛል። ያው ጥያቄ ነው፤ እመልሰዋለሁ። ወዴት እያየሁ እንደነበር፣ ማንን እያየሁ እንደነበር፣ ምን እንዳየሁ እናገራለሁ። ያላየሁትን አንዲት ቃል አልጨምርም፤ ስለ ሰውየውም ከሽታው በቀር የማውቀው የለም። ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ይፍረዱ። ላስፈራራሽ አይደለም የጻፍኩት፤ ፈቃድ ልጠይቅሽም አይደለም። ውርደት ለሁለት ቢካፈሉት ይቀላል እንዳትዪኝ፤ እኔ ብቻዬን ተሸክሜ አይቼዋለሁ፣ የተካፈለልኝ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አለ። እማዬ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች። አትምጪ ብላት አሻፈረኝ አለች። የክት ቀሚሷን አጥባ ተኩሳ ሰቅላዋለች። ሊቀመንበሩን ልትለምንልኝ ነው፤ ልጄ አጥፍታለች ማሩልኝ ልትል ነው። ምን እንደምትል መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ። ያን ጠባብ ክፍል፣ እነዚያን ሰዎች፣ ከጎኔ የምትቀመጥበትን ወንበር አስቢው። እኔ አፌን ስከፍት የምትሰማው እዚያ ነው። ከኔ እንድትሰማው አልፈልግም። እውነቱን ለመናገር፣ ፊቷን እያየሁ ልጨርሰው የምችል አይመስለኝም። ግን እጨርሰዋለሁ።

ስለዚህ አንቺ ንገሪያት። በራስሽ አፍ፣ እንደፈለግሽ አድርገሽ፣ ብትፈልጊ እየሳቅሽ። እሷ አንቺን ይቅር ለማለት ከኔ የበለጠ ብልሃት አላት።

መንገዱ ሁሉ ይቅናሽ። የሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ትከሻሽን ፈጣሪ ይማርልሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ይህን የምመርቅሽ ከልቤ ነው፤ ተቆጥቼም ቢሆን ሌላ እህት የለኝም።

ከዛሬ ጀምሮ የእማዬን ስልክ ራስጌዋ አጠገብ አደርገዋለሁ። ሲጠራ እኔ አላነሳውም።

የእናትሽ ልጅ፣
ታናሽሽ