የኩልፎ ዳሩ መምህር ጥዑመልሳን ገብረእግዚአብሔር፤ ከ1943 እስከ 2018 ዓ.ም.

መምህር ጥዑመልሳን ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረእግዚአብሔር አየለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለቴ ድንቁ፣ በደንቢያ ቆላ ድባ በጥር ወር 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የታወቁ የዜማ ሰው ስለነበሩ ልጃቸውም ያንኑ መንገድ እንዲከተሉ ተመኝተው ስማቸውን ጥዑመልሳን አሏቸው። ዜማው ግን እሺ አላላቸውም። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ድምፃቸውን ሲያነሡ አጠገባቸው የቆሙት ዲያቆናት ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸው እንደነበር ራሳቸው መምህር እየሣቁ ያወሩ ነበር። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ደግሞ በጎንደር ከተማ ከተማሩ በኋላ ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1962 ዓ.ም. ተመረቁ።

በ1963 ዓ.ም. ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ተመደቡ። እናታቸው ልጄን ወባ ሊበላብኝ ነው ብለው አልቅሰው ሸኟቸው። የእናታቸውን ፍርሃት ትተው የአገሩን ደጋነት ብቻ ያመኑት ወጣት መምህር ግን ወፍራም ካፖርትና ሁለት ጋቢ ጭነው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ አውቶቡስ ተራ ወረዱ። በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሶ ላቡን የሚጠርግ ሰው ያዩ የሲቀላ ነጋዴዎች ለብዙ ዓመታት “መምህር ካፖርት” እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ካፖርቱን በኋላ የለበሱት ሽማግሌ ይዘው ሚስት ለመጠየቅ ወደ ደጋው ዶርዜ በወጡ ጊዜ ብቻ ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ካስተማሩ በኋላ በ1965 ዓ.ም. በኩልፎ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ኩልፎ ዳር ትምህርት ቤት ገቡ። ይህን ትምህርት ቤት በ1957 ዓ.ም. የመሠረቱት ሚስ ኤዲት የሚባሉ እንግሊዛዊት ከጥቂት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ነው። ሚስ ኤዲት ቀጭን፣ ቁጡና ቸር ሴት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ማንንም ከሃይማኖቱ አያስወጣም፤ የጠዋቱ መዝሙር ሲዘመር የፈለገ ይዘምራል፣ ያልፈለገ ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ነገር ግን አይቀሬ ነበር። በእያንዳንዱ ዴስክ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይቀመጣሉ። በዚያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ሴቶች ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፣ መጥረግና ውኃ መቅዳት ሲመጣ ቀድመው የሚጠሩት እነሱ ነበሩና ሚስ ኤዲት መላ ያሉት ይህንን ነው። በየመስከረሙ ከባርኔጣቸው ዕጣ እየወጣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይለያል፤ የወጣው ዕጣም ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

መምህር ጥዑመልሳን ይህን ሥርዓት ከራሳቸው ከሚስ ኤዲት ይበልጥ ወደዱት። በ1967 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ያስተምሩ የነበሩትን የዶርዜዋን ወይዘሮ ወርቄ ኤርጫፎን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። አማታቸው አቶ ኤርጫፎ በአገራቸው የተከበሩ ሽማግሌና ሸማኔ ነበሩ። ሙሽራው ዝቅ ባለው የዶርዜ ቤት በር ሲገቡ ግንባራቸውን ገጭተው፣ በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ያ እብጠት እስከ ዛሬ ይታያል። ከትዳራቸውም ሚሪያምንና አበጋዝን አፍርተዋል።

በ1968 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ሲወረስ ሚስ ኤዲት ባርኔጣቸውን ለመምህር ትተው ወደ አገራቸው ሄዱ። መምህርም በየመስከረሙ ከዚያ ባርኔጣ ዕጣ ማውጣታቸውን ሳያቋርጡ ያን ሁሉ ዘመን ተሻገሩ። በ1986 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በወላጆችና በቀድሞ ተማሪዎች ቦርድ የሚመራ ነጻ ትምህርት ቤት ሆኖ ሲመለስ፣ በዓመቱ ርዕሰ መምህር ሆነው ተሾሙ።

ያን ጊዜ ኩልፎ ዳር የተማረ ሁሉ ዛሬም ሲገናኝ የሚያወራው አያልቅበትም። አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎና ጉጌ በሚባሉ አራት ቤቶች የተከፈሉት ተማሪዎች በስፖርት ቀን ሲፎካከሩ ጩኸታቸው ላይኛው ከተማ ሴቻ ድረስ ይሰማ ነበር። ከሐይቁ ዳር የሚመጡ የዓሣ አስጋሪ ልጆች፣ ከዶርዜ ወርደው ዘመድ ቤት የሚቀመጡ የሸማኔ ልጆች፣ የሲቀላ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች በእረፍት ሰዓት ማንጎው ሥር ሻይና ሙዝ ይዘው አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ዝንጀሮ በመስኮት ገብቶ ምሳ ይዞ ሲሄድ መምህር ጠመኔ እየወረወሩ ያባርሩ ነበር። አንድም ቀን ግን መትተውት አያውቁም። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር!

የመምህርን ሕይወት ለሁለት የከፈለው ነገር የደረሰው በ1989 ዓ.ም. ነው። በሲቀላ የጨርቃ ጨርቅና የሸቀጥ ነጋዴ የነበሩት ሐጂ ረሺድና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዙሁራ መንታ ልጆቻቸውን ሚፍታንና ረይሐናን አራተኛ ክፍል አስገቡ። ረይሐና ዕጣዋ ከማታውቀው ልጅ ጋር ሲወጣ ሐጂ ረሺድ መጥተው፣ “መምህር፣ ልጄን ከሴቶች ጋር ያስቀምጡልኝ እንጂ እስከፈለጋችሁ ድረስ አስተምሯት፤ ሌላ አልጠየቅሁም” አሉ። መምህርም ለአንድ ሰው ሲባል ሥርዓት አይፈርስም ብለው መለሷቸው። ወይዘሮ ወርቄ ማታ ቤት ውስጥ፣ “ጥዑሜ፣ መንታ ወንድሟ እዚያው ክፍል አይደለም እንዴ? ከሱ ጋር አስቀምጣት፤ እሱም ወንድ ነው፣ እሷም ሴት ናት” ቢሏቸው፣ ዕጣ ዕጣ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ሚፍታ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ረይሐና ግን ትምህርቱን ትታ የአባቷ ሱቅ ገባች።

ዓመቱ እንዲሁ አለፈ። መምህር ስኳር ለመግዛት እንኳ በዚያ ሱቅ በር ማለፍ ትተው ዞረው ይሄዱ እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል። በክረምቱ አማታቸው አቶ ኤርጫፎ ከዶርዜ ወርደው ነገሩን ሰሙ። ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። “ያንተ ሕግ ትምህርት ቤት ገባ፤ ልጅቷ ቤት ቀረች። እንግዲህ ማንን ነው የምታስተምረው?” አሏቸው። መምህር ያን ዕለት እራት አልበሉም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። በጋሞ ምድር የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ከሽማግሌ ጋር ከመጣ፣ የተበደለው ሳይሰማው አይመልሰውም። መምህር ጥዑመልሳን፣ ያ የደንቢያ ኩራታቸው ሰው ፊት ጎንበስ የማያሰኛቸው ሰው፣ ሣር ይዘው ከአቶ ኤርጫፎ ጋር ሲቀላ ወረዱና በሞላ ገበያ በሐጂ ረሺድ ሱቅ በር ተንበረከኩ። ሐጂ ረሺድ ደንግጠው፣ “ያ ረቢ! መምህር፣ ይነሡ እንጂ! ሰው ምን ይለኛል? ሣሩን ይስጡኝ፣ ይኸው ተቀብያለሁ፣ ይነሡ!” እያሉ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው። መምህር ግን ይቅርታ መጠየቅ የፈለጉት ከባንኮኒው ኋላ ሩዝ ስትመዝን ከነበረችው ልጅ ነበር። አንድ ዓመትሽን ወሰድሁብሽ፤ መስከረም ነይ፣ የፈለግሽበት ተቀመጪ አሏት። ረይሐናም ደስ ብሏት፣ “ከሚፍታ ጋር ነው የምገባው?” ብላ ጠየቀች።

ሚፍታ ወደ አምስተኛ ክፍል አልፏል፤ እሷ የምትገባው አራተኛ ነው።  መምህር ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይህን ጥያቄ እያነሡ በጸጸት ያወሩ ነበር።

በዚያው መስከረም ባርኔጣው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሴት ልጅ ከኋላ አትቀመጥም የሚለው ሕግ ብቻ ጸንቶ ሁሉም የወደደበት ይቀመጥ ጀመር። ደግሞ የሚገርመው፣ ረይሐና ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ማንም ሳያስገድዳት ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀምጣ በሒሳብ ስትሟገት ሐጂ ረሺድ በመስኮት አይተው፣ “ይህችን ነው እኔ የፈራሁላት? ለልጁ ነው መፍራት!” ብለው ሥቀዋል። መምህርና ሐጂ ረሺድ ከዚያ በኋላ ወንድማማች ሆኑ። ሐጂ እስካረፉ ድረስም በፋሲካና በዒድ አንዱ ያለ ሌላው ማዕድ አልቀረበም።

መምህር ከዚያ ወዲህ ትምህርት ይዘጋ የሚል ቃል መስማት አይወዱም ነበር። ኩልፎ ሞልቶ አጥሩን በወሰደበት ዓመት ክፍሎቹ ጭቃ ሲሞሉ ልጆቹን በግቢው ጸሎት ቤትና በማንጎው ሥር አስተማሩ። በሀገራችን ለቅሶ ሲኖር ሁሉ ነገር ተዘግቶ ቀብር እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ከትምህርት ቤቱ መምህራን የአንዱ፣ የመምህር ፈቃደ አባት ባረፉ ጊዜ መምህራኑን ሁሉ ወደ ቀብር ልከው፣ ያን ሁሉ ልጅ ብቻቸውን ሜዳ ላይ ሰብስበው ሲያስነብቡ ዋሉ። ከቀብር በመቅረታቸው እድሩ ገሥጿቸዋል፤ አንዳንዱም ሐዘን የማያውቅ ልበ ደረቅ ብሏቸዋል። ሐሜቱ ግን ልክ አልነበረም። ማታ ማታ ሐዘን ቤት ሄደው ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ የሚነሡት እሳቸው ነበሩ።

በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ንባብ ለማስተማር በየቀኑ አራተኛ ክፍል ይገቡ ነበር። ረይሐና ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደዚያው ትምህርት ቤት ለመምህርነት ሲመለሱ፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም. ርዕሰ መምህርት ሲሆኑ፣ መምህር የራሳቸው ልጅ የተሾመች ያህል ደስ ብሏቸው ነበር። ወይዘሮ ወርቄም ያን ቀን ከጓዳ እስከ ደጅ እልል ሲሉ ዋሉ።

መምህር የስኳር ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊታቸው እየደከመ በአርባ ምንጭና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ርዕሰ መምህርት ረይሐና በየማታው እየመጡ የዕለቱን ወሬ ይነግሯቸው ነበር። ባለፈው ወር መምህር አንድ ነገር ለመኗቸው። “ስሞት ትምህርት ቤቱን እንዳትዘጊ። አንድም ልጅ ለእኔ ብሎ ከክፍል እንዳይወጣ” አሏቸው። ርዕሰ መምህርቷም እያለቀሱ፣ “አባባ፣ ይሄንንስ አይጠይቁኝ። እርስዎን ሳልቀብር እንዴት እውላለሁ?” አሉ። መምህርም፣ “የሚቀብረኝ ሞልቷል፤ የሚያስተምርልኝ ነው የማጣው” ብለው እጃቸውን ይዘው አልለቅ አሉ። በመጨረሻ ቃል ተገባላቸው።

መምህር ጥዑመልሳን ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ሴቻ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ኤርጫፎ፣ ልጆቻቸው ሚሪያምና አበጋዝ፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ከደንቢያ የመጡት እህታቸውና እንደ ልጅ ያሳደጓቸው ተማሪዎቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። አቶ ሚፍታ ረሺድ ከሌሊት ጀምሮ ድንኳን ሲያስተክሉ አድረው፣ አስከሬኑን ከተሸከሙት መካከል ከፊት ይገኛሉ።

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ዛሬ ኅዳር 10 በዚህ የቀብር ሥፍራ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አታዩም። ከኩልፎ ዳር መምህራንም የተገኙት ጥቂቶች ናቸው። ረስተዋቸው ነው ብላችሁ እንዳታዝኑባቸው ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል። ይህ በሚነበብበት ሰዓት ልጆቹ በየክፍላቸው ናቸው። ርዕሰ መምህርት ረይሐናም ቃላቸውን ጠብቀው፣ በመምህር ቦታ አራተኛ ክፍል ገብተው እያስነበቡ ነው።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማኅበር ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ወርቄና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።