የቸኮሌቱ ፏፏቴና የቅቤው ጣሳ

አባባ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ስልኬን ባያነሱም ሰላምታዬን ወረቀት ላይ መዝጋት አይችሉምና ደጋግሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ከዘራ ይወርዳሉ? ዓይንዎስ? የደም ግፊቱን መድኃኒት በሰዓቱ ይውጣሉ ወይስ አሁንም እማዬ እየተከተለች ነው የምትሰጥዎት? እኔና ልጄ ዊጅዳን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከእርስዎ ዝምታ በቀር የሚያመን ነገር የለም።

ወንድሜ ሙባሽር ሁሉንም ነግሮኛል። ሰዓዳ ለንደን ውስጥ በሠርግ ላይ ሙስሊሙን አሳማ አበላች የሚል ወሬ ደሴ ድረስ ደርሶ፣ እርስዎም ድምጿን አታሰሙኝ ብለዋል አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደወልኩ። እኔም የእርስዎ ልጅ ነኝና ግትር ነኝ፤ ይህንን ወደ ደሴ በሚመጣው በአኑዋር እጅ ልኬያለሁ። ቁጭ ብሎ ያነብልዎታል እንጂ ሰጥቶ አይሄድም፣ አስምዬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢሮ ጽዳቱ ሥራ ሲቀንስብኝ ሰቨን ሲስተርስ ከሚባል ሰፈር ካለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ የቸኮሌት ፏፏቴ ገዛሁ፤ በየሠርጉ እያቀረብኩ ይከፍሉኛል። ሦስት ሳህን የተደራረበበት ባለ ሞተር ዕቃ ነው፤ የቀለጠውን ቸኮሌት ከታች ስቦ ከላይ ያፈሰዋል፣ እንግዳው ፍራፍሬውን በስቴኪኒ ወግቶ ከሥሩ ይይዛል። በልጅ ጋሪ እየገፋሁ አውቶቡስ ላይ አወጣዋለሁ፤ ሰው ሕፃኑን ለማየት ጎንበስ ሲል ብረት ያያል። መጀመሪያ ቀን ቤት ስሞክረው ቸኮሌቱ ወፈረብኝና እንደ ወጥ መስሎኝ ሙቅ ውሃ ጨመርኩበት። ወዲያው ጭቃ ሆነ፣ ሞተሩም አቃሰተ። የሚያቀጥነው ዘይት ነው አሉኝ፤ ቤት ውስጥ ግን ዘይት አልነበረም። የነበረው እርስዎ ከገበያ መርጠው፣ እማዬ አንጥራ የላካችሁልኝ ቅቤ ነው። አዲስ ቸኮሌት አቅልጬ ሁለት ማንኪያ ጣል አደረግሁበት። አባባ፣ እንደ ማር ወረደ! ሠርጉ ላይ ኮረሪማው ሲሸት እንግዶቹ ምን ጨምረሽበት ነው እያሉ ከበቡኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ያ ፏፏቴ ሐራም ከሆነ ቅቤው የማን ነው?

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም። የተምሩን ፍሬ አውጥቼ ኦቾሎኒ እሞላበታለሁ። ዳቦ ቆሎ በሲኒ እሰጥና ቸኮሌቱን እላዩ ላይ አፈስበታለሁ፤ ጥርስ ለከዳቸው አዛውንት ደግሞ በትኩስ ወተት። ሙሽሮቹ ከተጎራረሱ በኋላ የሁለቱን ወገን ወላጆች ጠርቼ አንዱ ሌላውን እንዲያጎርስ አደርጋለሁ። ቸኮሌት አገጩ ላይ ከፈሰሰ በኋላ የተኮፈሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ወሬው የተነሳው ማርሽማሎ ከሚባለው፣ እንደ ጥጥ ከሚለሰልስ ከረሜላ ነው። እዚህ አገር ብዙው የአሳማ ጄላቲን፣ ማለትም ከቆዳና ከአጥንቱ የሚወጣ ማርጊያ አለበት። ይህንን እኔ አላውቅም? የምገዛው ከከብት የተሠራውን፣ የሐላል ማኅተም ያለበትን ነው፤ እያንዳንዱን ከረጢት መነጽሬን አድርጌ ቼክ አደርጋለሁ። አንዲት ሴት፣ ስሟን አልጠራም፣ ሳትጠይቀኝ የአሳማ ነው ብላ የማኅበራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፈች። ቅዳሜ ልጇን ሳፋን የምትድረው እናት ደግሞ ለሰላም ሲባል ማርሽማሎው ይቅር አለችኝ። አይቀርም አልኳት። ካስቀረሁት አጥፍቻለሁ ማለቴ ነው። ባተርሲ ባለው የሠርጉ አዳራሽ ውስጥ መሃል ጠረጴዛ ላይ አደርገዋለሁ፣ ከረጢቱንም ማኅተሙ እንዲታይ ከፏፏቴው ፊት አቆመዋለሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ቀድሜ የምበላውም እኔው ነኝ።

የሴትየዋ ወሬ አናደደኝ፣ የእርስዎ ዝምታ ግን አስለቀሰኝ። እሷ አታውቀኝም፣ እርስዎ ግን ያውቁኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ያቀረቡልን ሥጋ ማን እንዳረደው ሳይነግሩኝ አልበላም ብዬ በእንግዳ ፊት ያሳፈርኩዎት እኔ አይደለሁም? ታዲያ አንዲት ቃል ሳይጠይቁኝ እንዴት ፈረዱብኝ?

ቅቤው አልቋል። ጣሳውን በአኑዋር መልሼዋለሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ውስጡ ያልተከፈተ የማርሽማሎ ከረጢት አለ። ከፈለጉ ኢማሙ ዘንድ ይውሰዱትና ማኅተሙን ይዩት። ከዚያ ይቅመሱት።

እማዬን እጇን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ ስናፍቃት የሻሿን ጫፍ እንደምትነክስ አውቃለሁ። ሙባሽር እውነቱን ስላልደበቀኝ አላህ ይስጠው፤ ባለቤቱንም ልጆቹንም ሳሙልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ወሬውን ላመኑትም ጭምር፣ ሰላም በሉልኝ። ዊጅዳን አያቴ ስልኩን መቼ ነው የሚያነሱት እያለች ትጠይቃለች፤ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

አኑዋር በአሥራ አምስት ቀን ይመለሳል። ጣሳው ሞልቶ ከመጣ ዱዓዎ ደረሰኝ እላለሁ። ባዶውን ከመጣም ከሱቅ ዘይት ገዝቼ እጨምራለሁ፤ ቸኮሌቱ አይቆምም። ኮረሪማው ብቻ ይጎድልበታል።

ልጅዎ ሰዓዳ
ቶተንሃም፣ ለንደን
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.