እናትየው የተመለሰችበት ምዕራፍ

ለምወድዎ አባባ፣ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልዎ ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? እንቅልፍዎስ? እኔ እጄ ላይ ከደረቀው ሙጫ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ወር ከመጽሐፍ ጥረዛ ቤቱ ከመባረር ለጥቂት ተረፍኩ፤ ምክንያቱም እርስዎ ነዎት። አይደንግጡ፣ የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው።

ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ ሁለት አሮጌ ልቦለዶች አመጡልን። ክራቸው ተበጥሶ ገጾቻቸው ተደባልቀዋል፤ የገጽ ቁጥሩንም ብል በልቶታል። አንዱን ሳየው ልቤ ዘለለ፤ ልጆች ሳለን ከእራት በፊት ያነበቡልን ነው! እናት ታማ ሩቅ ሐኪም ቤት ትገባለች፣ ልጅቷ በር በሩን እያየች ትጠብቃታለች። በሁለቱም መጻሕፍት ልጅቷ ስም የላትም፣ ፊደላቸውም የአንድ ማተሚያ ቤት ነው። እኔ ግን መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ የሚያውቅ ሰው መች ይጠይቃል! እናትየው በሩን ከፍታ የምትገባበትን ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አድርጌ ሰፋሁት።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ተመልሰው፣ ይህ ምዕራፍ የሌላኛው መጽሐፍ ነው፣ በዚህኛው እናትየው ትሞታለች አሉ። «ደረቁ ሙጫ» የምንለው አለቃዬ ዕቃሽን ሰብስቢ አለኝ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አባቴ እንዲህ ነው ያነበበልን ብዬ ተከራከርኩ። ከዚያ ገጹን አሳዩኝ። እውነትም ትሞታለች።

አስተማሪዋ ስለ እኔ እናት ጠየቁኝ። ስነግራቸው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጉልኝ። የሌላኛው መጽሐፍ ደራሲ ያደገችው እናትየው የምትሞትበትን ይህን መጽሐፍ ስታነብ ነው፤ በሩም፣ ወንበሩም፣ ሐኪም ቤቱም ከእሱ የመጡ ናቸው አሉኝ። ሞቱ ግን አላስቻላትም፤ እናትየውን በራሷ መጽሐፍ ወደ ቤት መለሰቻት። አባትሽም ያደረገው ይህንኑ ነው አሉ። ለአለቃዬም መጽሐፉን እንደተሰፋ እወስደዋለሁ፣ ይህችን ልጅ ተዋት አሉት። እሱም አጉረመረመና ተወኝ።

አባባ፣ ያን ዓመት እናታችን ከሐኪም ቤት አልተመለሰችም። እርስዎ ግን ገጽ እየገለጡ ያልተጻፈውን ያነቡልን ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ አንድ ቀን ሙሉ ዋሹኝ ብዬ ተቀየምኩዎ። በማግስቱ ግን በእናቴ ሐዘን ላይ ሆነው ያንን ሁሉ ሲያነቡ ታየኝና ቅያሜዬን ተውኩት። ስንት ጊዜ ድገሙልን ብለን አስቸገርንዎ! አንድ ቀንም እምቢ አላሉንም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

አክስቴን በጣም ሳሙልኝ፤ ንግግሯ ናፍቆኛል፣ ቁጣዋ ሳይቀር። ልብስ ሰፊውን አማቻችንን፣ ክርህ ከእኔ ክር ይቀጥናል በሉልኝ። ሕፃን ልጁንም ጉንጩን ሳሙልኝ።

አንቺም እህት ዓለም፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደብዳቤዬን ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ከእኔ እንጂ ከሌላ እንድትሰሚው አልፈለግኩም። አሁን አድገናል። አንድም ቃል ሳትለውጪ እንዳለ አንብቢላቸው።

ልጅዎ
ከጥረዛ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 11 ቀን